አጅማን ላይ የመረመርኳት ላም

ረቡዕ

ከኮምቦልቻ ስነሳ ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። የክሊኒካችን ግቢ ጭቃ ሆኖ፣ ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ከአጥሩ ውጭ አስረው ይጠብቁን ነበር። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የአካባቢውን ገጠር በሞተርም በእግርም አዳርሼዋለሁ፤ ከአገር ግን ወጥቼ አላውቅም። የወጣሁት በእናቴ ምክንያት ነው። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ወደ ኤምሬትስ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ አጅማን አካባቢ አንድ የከብት እርባታ ውስጥ ይሠራል። እናቴ በስልክ በሰማችው ቁጥር «ድምፁ ቀጥኗል» ትል ነበር። በመጨረሻ «አንቺ የተማርሽው ሂጂና በዓይንሽ አይተሽው ነይ» አለችኝ። ዱባይ አየር መንገድ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ቅድስት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ስላለችኝ የጉብኝት ቪዛውን እሷ ጨረሰችልኝ።

አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነሣ። እናቴ ለሰይድ የላከችው የተነጠረ ቅቤ በብልቃጥ ሆኖ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፤ እኔም ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልዬ ደህና ነው ብዬ ነበር። ዱባይ ስንደርስ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ሻንጣዬን ሲያስከፍተኝ ቅቤው ልብሴን በሙሉ አዳርሶታል። ሰውየው ሽታው ምን እንደሆነ ግራ ገብቶት ጣቱን አስጠግቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። እኔ በእንግሊዝኛ «የላም ቅቤ ነው፣ ለወንድሜ ነው» እላለሁ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ይስቃል። በስተመጨረሻ በእጁ ሂጂ አለኝ። ብልቃጡ ውስጥ የተረፈው ከሥሩ ጥቂት ነበር።

ከበሩ ስወጣ መነጽሬ ጤዛ ለበሰ። አገራችን መነጽር ጤዛ የሚለብሰው ከብርድ ወደ ሙቀት ቤት ሲገባ ነው፤ እዚያ ግን ከቤት ወደ ውጭ ሲወጣ ነው። አየሩ እንደ ፈላ ማሰሮ እንፋሎት ፊት ላይ ይለጠፋል። ቅድስት አል ጋርሁድ የሚባል ሰፈር ውስጥ ወዳለው ቤቷ ወሰደችኝ። ከበረንዳዋ አውሮፕላን ሲያርፍ ይታያል፤ ጎማው እስኪታይ ድረስ ዝቅ ብሎ ያልፋል። የቅቤውን ነገር ስነግራት ሳቀች፤ ወዲያው ግን ልብሴን ሰብስባ እጅጌዋን ጠቅልላ በእጇ ማጠብ ጀመረች። ማሽኗ ውስጥ ብትከተው ሽታው ለወር እንደማይለቅ አውቃለሁ፤ እሷም አውቃለች። ከቢሮ ደክሟት ነበር የመጣችው። ራት ዶሮ በሩዝ ሠራችልኝ። ስንበላ «ዘሙ፣ ሰይድን ስታዪው እንዳትደነግጪ» አለችኝ። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝታው እንደነበር፣ ሰላም ብላው አልፋ ከሄደች በኋላ ማን መሆኑ እንደገባት ነገረችኝ።

ሐሙስ

ልብሴ ስላልደረቀ ቅድስት ሥራ ከመግባቷ በፊት ሳትዋ ወደሚባል የገበያ ሰፈር ወሰደችኝና አንድ ቀሚስ ገዛችልኝ። ቀሚሱ ረዝሞ መሬት ይጠርግ ነበር። አንድ ፓኪስታናዊ ልብስ ሰፊ እዚያው በቆምንበት ሊያሳጥርልን ተስማማ። ከጨርቅ መጋረጃ ኋላ ተቀምጬ ስጠብቅ ሳልጠይቀው ወተት የበዛበት ሻይ አመጣልኝ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ጎን ያሉት ሰፊዎቻችን በረንዳ ላይ ነው የሚሠሩት፤ ሲሰፉም ከአላፊ አግዳሚው ጋር ያወራሉ። ይኼ ግን ግድግዳ ባስደገፈው ወንበር ላይ ቀና ሳይል ይሰፋል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ልጆች አሉሽ?» አለኝ። የሉኝም አልኩት። እሱ ያሉትን በእጁ ከፍታ እያሳየ ነገረኝ፤ ቁመታቸው ግን እሱ ሲለያቸው የነበረው እንደሆነ ራሱ ጨመረበት።

ከዚያ ቅድስት ሜትሮ ውስጥ አስገብታኝ ወደ ቢሮዋ ሄደች። የት እንደምወርድና ወደ አጅማን የሚሄደውን አውቶቡስ የት እንደማገኝ በስልኬ ጽፋልኛለች። እኔ ግን የተሳሳተ ፉርጎ ውስጥ ገባሁ። ወንበሩ ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት፤ እንዴት ምቹ ነው እያልኩ ስቀመጥ ተቆጣጣሪዋ መጣችና ትኬቴን አየች። የተቀመጥኩት ውድ ክፍያ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ነበር። ደነገጥኩ። አጠገቤ የነበረች አንዲት ፊሊፒናዊት ሳላውቃት ተነሥታ «አዲስ ናት፣ ዛሬ ነው የመጣችው» ብላ ተከራከረችልኝ፤ ከዚያም ክንዴን ይዛ ራሷ ወደ ሴቶቹ ፉርጎ አሻገረችኝ።

የአጅማኑ አውቶቡስ ሻርጃ ላይ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ብዙ ቆመ። ዙሪያዬ ያሉት ሰዎች በሙሉ አንገታቸውን ሰብረው ተኝተዋል። አገራችን አውቶቡስ ውስጥ እንደዚያ የሚተኛ ሰው ቢኖር ጎረቤቱ ይቀሰቅሰውና ጨዋታ ይጀምራል። እዚያ ግን እንቅልፉን አውቶቡስ ላይ የሚጨርስ ሰው ብዙ ነው።

አጅማን ውስጥ አል ኑዓይሚያ የሚባል ሰፈር ስደርስ የአክስቴ ልጅ ከድጃ ተቀበለችኝ። ከድጃ ሻርጃ ውስጥ ቢሮ ታጸዳለች፤ ከወሎ ከመጡ ሌሎች ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ቢድ ስፔስ የሚሉት ይህን ነው፤ የሚከራዩት አልጋውን ብቻ ነው። በአልጋዎቹ መካከል ሻሽና አንሶላ ተንጠልጥሏል። ከድጃ አልጋዋን ለእኔ ሰጥታ ራሷ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘረጋች። እምቢ ብላት «ዋላሂ እቆጣሻለሁ» አለች። የአንዷን ሴት ማዳም፣ የሌላዋን የቪዛ ጉዳይ፣ የሌላዋን ልጅ ሕመም ሲያወሩ ሰማሁ። ሁሉም በዝቅታ ነው የሚያወሩት፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ከድጃ ከመጋረጃው ወዲያ የተኛች አለች ብላ በጣቷ አሳየችኝ።

አርብ

ሰይድ የእርባታውን ፒካፕ ይዞ መጣ። ፎቁ ሥር ቆሞ ሳየው የቅድስት ማስጠንቀቂያ ገባኝ። ጢሙ አድጓል፤ ጉንጩ ገብቷል፤ ቆዳው ጠቁሮ ደርቋል። አቀፈኝ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። የቅቤውን ብልቃጥ ስሰጠው ከፍቶ አሸተተውና መልሶ ከደነው።

ከአጅማን ወጥተን አሸዋው መሐል ስንገባ ነው ያወራኝ። «እታለም፣ አንዲት ላም ታማብኛለች። ዛሬ አንቺን ባላገኝ ምን እሆን ነበር» አለኝ። ስለ እናታችን የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እርባታው የአንድ ሸምገል ያሉ ሰው ነው። ሠራተኞቹ አርባብ ይሏቸዋል፤ ጌታው እንደማለት ነው። ላሞቹ ጥቂት ናቸው፤ ለንግድ የተያዙ አይደሉም፣ ወተቱና ቅቤው ለቤተሰቡ ነው። ከሰይድ ጋር የሚሠራ ካቢር የሚባል ባንግላዴሻዊ አለ። ሁለቱ የሚያድሩት ከበረቱ ጎን ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። ከበረቱ ጣራ ሥር ማራገቢያ ይዞራል፤ የእነሱ ክፍል ግን ከበረቱ ይሞቃል።

የታመመችው ላም ቡናማ ናት። አንገቷን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ትንሽ አጉብጣ ቆማለች። ሰይድ በመጀመሪያ ሆዷን በእግሯ ትመታ እንደነበር፣ እየተኛች እየተነሣች እንደነበር፣ አሁን ግን ጸጥ ማለቷን ነገረኝ። የተሻላት መስሎት ነበር። እኔን ያስፈራኝ ጸጥ ማለቷ ነው። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። የአንገቷን ቆዳ በጣቴ ቆንጥጬ ስለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ጆሮዋ ቀዝቅዟል። ማመስኳት ትታለች።

ማዳመጫዬን ይዤ አልመጣሁም ነበር፤ ጆሮዬን ጎኗ ላይ ለጠፍኩ። በግራ በኩል ጨጓራዋ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ማጉረምረም ሲገባው ጭጭ ብሏል። በቀኝ በኩል የሆዷን ታች በቡጢዬ ገፋ ገፋ ሳደርገው ደግሞ ግማሽ ውሃ ያለበት ጀሪካን እንደሚነቀነቅ ይንቦጫረቃል። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ መጠራቀሙን ነው የሚናገረው። ሽቦ ወይም ምስማር ውጣ እንደሆነ ብዬ ጀርባዋን በሁለት እጄ ጫን አልኳት፤ አላቃሰተችም። በኋላ ረጅም የላስቲክ ከረጢት እጄ ላይ አጥልቄ፣ በሳሙና አሙለጭልጬ፣ በፊንጢጣዋ ክንዴን አስገባሁ። ባዶ ነው። እበት የለም። ከረጢቱ ላይ ተጣብቆ የወጣው ጥቁር ደም የቀላቀለ ወፍራም ንፍጥ ነው። ወደ ፊት ስዘረጋ ጣቴ የተወጠሩ አንጀቶች ነካ፤ እንደተነፋ የብስክሌት ከመነዳሪ ጠጣር ሆነው ተደራርበዋል። ደህና ላም ውስጥ እነዚያ አንጀቶች በጣት አይያዙም።

ብዙ ጊዜ ገበሬዎቻችን ላሟ መብላት ስትተው ጨጓራ ነው ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው። ጨጓራዋ የተበላሸባት ላም ግን ጥቂትም ቢሆን እበት ትጥላለች። አንጀቷ የተዘጋባት ላም ምንም አትጥልም፤ የምትጥለው ንፍጥና ደም ነው። ለሰይድ ይህንኑ ነገርኩት።

«ምን ዘጋው?» አለኝ።

«አንጀቷ ተጣጥፎ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የማይፈጭ ነገር ውጣ ይሆናል። ሳትከፈት አይታወቅም።»

ወደ ድርቆሹ ክምር ዞረ። እኔም ዞርኩ። ድርቆሹ የታሰረበት ሰማያዊ የናይለን ሲባጎ አሸዋው ላይ፣ ገንዳው ውስጥ፣ አጥሩ ሥር ተበጣጥሶ ወድቋል። አርባብ ሲባጎውን ሁልጊዜ እንዲለቅም ይነግሩት እንደነበር፣ ካቢር ታሞ በተኛበት ሰሞን ግን ብቻውን ስለነበር እንደተወው ሰይድ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ላሟ መብላት ካቆመች ቀናት እንደሆናትም ያኔ ነው የነገረኝ። ለአርባብ አላሳወቀም። ዘይትና እርሾ እየጋታት እስኪያልፍላት ሲጠብቅ ነበር።

«ለአርባብ ጨጓራ ነው በያቸው» አለኝ። «ብትሞትም የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መጥቶ ይወስዳታል። ሆዷን የሚከፍት የለም።»

«ዛሬ ከተከፈተች ልትድን ትችላለች። ብትቆይ ግን አንጀቱ ይሞታል፤ ያኔ ማንም አያድናትም።»

«እኔስ?» አለ።

እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ካቢር ውሃ አፈሰሰልኝ። ውሃው ከቧንቧው ሙቅ ሆኖ ነው የሚወጣው።

አርባብ የመጡት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ በዝግታ ነው የሚራመዱት። ሰይድ እንደነገረኝ ላሟ የሽማግሌው ሚስት በሕይወት ሳሉ ከጥጃነቷ ጀምሮ ያሳደጓት ናት። ሽማግሌው ማንንም ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ላሟ ሄዱና መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። እዚያው እንዳሉ በዓረብኛ ጠየቁኝ። እኔ ዓረብኛ ማንበብ እንጂ መስማት አልችልም፤ አስተርጓሚው ሰይድ ነው።

ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ልበላቸው?» አለኝ።

«ያልኩህን።»

ከዚያ ሐኪም ለባለ ከብት እንደሚናገረው ተናገርኩ። አንጀቷ ተዘግቷል አልኩ። የዘጋው ነገር ሲባጎ ሊሆን ይችላል አልኩ። መድኃኒት ብቻውን አይከፍተውም፣ ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ እኔ በዚህ አገር ለማከም ፈቃድ የለኝም አልኩ። በተናገርኩ ቁጥር ሰይድ ይተረጉማል። ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ጨጓራ ነው እያለ ይሆናል። ፊቱን አይ ነበር፤ ምንም አይታይበትም። መጨረሻ ላይ እኔ ከጨረስኩ በኋላም መናገሩን ቀጠለ፤ ለብቻው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ሙሽኪላ፣ ችግር፣ የሚለውን ቃል ብቻ ለየሁ። ሽማግሌው ከላሟ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ሲባጎው አዩ። አልጮኹም። ስልካቸውን አወጡ።

የመጣው ሐኪም ሱዳናዊ ነው፤ ዶክተር ዑስማን። እንግሊዝኛ ስለሚችል ተግባባን። እኔ ያየሁትን በሙሉ እንደገና ራሱ አየ፤ በማዳመጫው እየሰማ በጣቱ ጎኗን ሲያንኳኳ ቆየና ልክ ነሽ አለኝ። ከዚያ ቦርሳውን እየከፈተ «ወንድምሽ ለሰውየው ሁሉንም ነግሯቸዋል። መብላት ያቆመችበትን ቀን፣ የደበቀበትንም ምክንያት» አለኝ።

ላሟ እንደቆመች ቀኝ ጎኗ ተላጨ፣ ተደነዘዘ፣ ተከፈተ። እኔ ክንዴን ታጥቤ አንጀቱን ያዝኩለት። ሰይድ ራሷን ይዞ ቆሟል። ዶክተር ዑስማን ከተወጠረው ወደ ላላው እየተከተለ ሲመጣ የቡጢ ያህል ጠጣር ነገር ላይ ደረሰ። አንጀቱ እዚያ ጋ ጠቁሯል፤ ግን አልሞተም። ሰንጥቆ ሲያወጣው የሲባጎና የፀጉር ድብልቅ ነው፤ ተሸምኖ የተሠራ ይመስላል። ባልዲ ውስጥ ጣለው። ሰይድ አየው። ሽማግሌውም አዩት። ከዚያ ዶክተር ዑስማን አንጀቱንና ጎኗን መልሶ ሰፋ።

ቅዳሜ

ሰይድ ጠዋት መጥቶ ወሰደኝ። ከድጃ ለእሱ ብላ የቋጠረችውን ምሳ ተቀብሎ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው እንጂ አልከፈተውም። አንድ ጊዜ «ቅዝቃዜው በዛብሽ?» ብሎ የመኪናውን ማቀዝቀዣ ቀነሰልኝ። የተነጋገርነው ያን ብቻ ነው።

ላሟ ውሃ ቀመሰች፤ ምግብ አልነካችም። ግሉኮስ በአንገቷ ይወርዳል። የአንጀት ቀዶ ሕክምና ካለቀ በኋላ ሐኪም የሚጠብቀው እበት ነው፤ የተሰፋው አንጀት መሥራት መጀመሩ የሚታወቀው በሱ ነው። ሰይድና ካቢር ሲባጎውን ለቀሙ። ከአጥሩ ሥር፣ ከአሸዋው ውስጥ፣ ከገንዳው ጥግ አንድ በአንድ እየነቀሉ በማዳበሪያ ከረጢት ሞሉት። እኔም ጎንበስ ብዬ ልለቅም ስል ሰይድ «ተይው» አለኝ። ሙቀቱ ከአሸዋው እየተነሣ እግሬን ያቃጥለዋል። በዚህ ሰዓት ኮምቦልቻ ዶፍ እየጣለ፣ እናቴ መስኮት እየዘጋች ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከበረቱ ጥላ ሥር ተቀምጬ ወንድሜ ሲለቅም አየሁት። ደህና መሆኑን አይቼ ልመለስ ነበር የመጣሁት።

እሁድ

ያን ቀን በከድጃ ክፍል ውስጥ ዋልኩ። ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ልብሴን ተኩሳ አስቀምጣልኛለች። ክፍሉ ባዶ ሲሆን መጋረጃዎቹ ብቻቸውን ይወዛወዛሉ። ረፋዱ ላይ ስልኬ ጠራ። ሰይድ ነው።

«እታለም፣ ጣለች» አለኝ።

«ምን ዓይነት?»

«ትንሽ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ግን እበት ነው። ደም የለበትም።» ከዚያም «ድርቆሽም አሸተተች» አለ።

ድምፁ እናቴ የምታውቀው የድሮ ድምፁ ነበር። በልጅነቱ የጎረቤት ፍየል ስትወልድ እየሮጠ መጥቶ የሚነግረን በዚያ ድምፅ ነው። እኔም ደስ አለኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን አርባብ ስለ መደበቁ ገና ምንም እንዳላሉት ትዝ አለኝ።

ሰኞ

አርባብ ቤታቸው አስጠሩን። እንግዳ መቀበያቸው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፤ ተምርና ሻይ ቀረበ። ዶክተር ዑስማንም ነበር፤ ይህን ጊዜ የሚተረጉምልኝ እሱ ነው። ሽማግሌው በመጀመሪያ እኔን አመሰገኑ። ቤታቸው የመጣሁት በእንግድነት ሆኖ ሳለ ክንዴን ስላቆሸሽኩላቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። ለእናቴ ብለው አንድ ካርቶን ተምርና ሽቶ ሰጡኝ። ከልባቸው እንደሆነ ያስታውቅ ነበር፤ ለዚህም ነው የቀጠለው የከበደኝ።

ወደ ሰይድ ዞሩ። ያስከፋኝ የሲባጎው ነገር አይደለም አሉት። ሲባጎ ከማንም እጅ ያመልጣል። «ስትታመም ለምን ዝም አልከኝ?» አሉት።

«ፈራሁ» አለ ሰይድ።

ሽማግሌው የመለሱለትን ዶክተር ዑስማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፦ «አሁን ደግሞ እኔ እፈራለሁ። ጠዋት መጥቼ ደህና ናቸው ስትለኝ አላምንህም። አንተን ሳላምን ከብቶቹ ጋር ልተውህ አልችልም።»

ከዚያ ኸላስ፣ በቃ፣ አሉ። በቁጣ አይደለም። ሌላ ሹግል፣ ማለትም ሥራ፣ እስኪያገኝ የመኖሪያ ወረቀቱን እንደማይዘጉበት፣ አሠሪ ቢጠይቃቸው ሥራ ያውቃል ብለው እንደሚመሰክሩለት ጨመሩ። ሰይድ እጃቸውን ስሞ ወጣ። ሻዬን ሳልጠጣ ተነሣሁ።

እውነቱን ለመናገር ጨካኝ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። እሳቸውን እየረገምኩ እመለስ ነበር።

ማክሰኞ

ሰይድ ዕቃውን ለማንሣት ብዙ አልፈጀበትም፤ አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ነው። ዝንብ ስፌቱን እንዳይነካው በየቀኑ ምን መቀባት እንዳለበት፣ ድርቆሹን በትንሽ በትንሹ እንዲሰጣት ለካቢር በዓረብኛና በእጁ ሲያስረዳው ሰማሁት። ካቢር ሁሉን እየደጋገመ መለሰለት። ላሟን አልተሰናበታትም፤ በአጠገቧ ሲያልፍ ግን የግሉኮሱን ቱቦ ከእግሯ ሥር አንሥቶ አጥሩ ላይ አንጠለጠለው።

ካቢር በፒካፑ አል ኑዓይሚያ አደረሰን። ከከድጃ ፎቅ ብዙ ሳይርቅ የአገር ልጆች የሚኖሩበት የወንዶች ቢድ ስፔስ ውስጥ አንድ የላይኛው አልጋ ተገኘ። አልጋው ከጣራው ስለተጠጋ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም። የታችኛው አልጋ ባለቤት የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፤ ሰይድ ረጅም መሆኑን ሲያይ የራሱን አንሶላ ገፈፈና «አንተ ታች ተኛ፣ እኔ አጭር ነኝ» አለው። በእንዲህ ያለ ቦታ አልጋ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ ከድጃ ቤት ገብቶኝ ነበር።

ሐሙስ

ረቡዕን ከድጃና እኔ ለእናቴ ጨርቅ ስንፈልግ፣ ሰይድ ሥራ ፍለጋ የመኪና ማጠቢያ ቤቶችን እያንኳኳ ሲዞር ዋለ። ሐሙስ ወደ አየር ማረፊያ የሸኘኝ እሱ ነው። አውቶቡሱ ሻርጃ ላይ በመኪና መጨናነቅ እንደገና ቆመ። ሰው ሁሉ ተኝቷል። ያኔ ጠየቅኩት።

«ጨጓራ ነው ብለህ ብትተረጉም አላውቅም ነበር። ለምን አልዋሸህም?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «አዘጋጅቼው ነበር» አለኝ። «ከኮምቦልቻ የመጣች ሐኪም ናት፣ ጨጓራ ነው ብላለች፣ እስከ ነገ ይጠበቅ ልላቸው። ከዚያ እጃቸውን ግንባሯ ላይ ሲያደርጉ ጠፋብኝ።»

«ተቀይመኸኛል?»

«አርብና ቅዳሜ ተቀይሜሽ ነበር» አለ። ስለ እሁድና ስለሌሎቹ ቀናት አልተናገረም። አየር ማረፊያው በር ላይ ሻንጣዬን አውርዶ አቀፈኝ። ቅድስት ልትሸኘኝ መጥታ ነበር፤ እስክገባ ድረስ አጠገቡ ቆማ ታዋራው ነበር። ዞሬ ሳይ የምትለውን እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል።

ቤት

ኮምቦልቻ ስገባ ዝናቡ አባርቶ ነበር። እናቴ ተምሩንና ሽቶውን ተቀብላ ወደ ጎን አደረገችው። ተቆጥታ ነበር። እኔ በመንገድ ላይ ሳለሁ ሰይድ ደውሎላታል።

«ሥራውን ተወው አይደል» አለችኝ። «ሰለቸኝ አለኝ። ከብት መጠበቅ ሰለቸኝ፣ ከተማ ገብቼ ሌላ ልሞክር አለኝ። አንቺ እዚያው እያለሽ እንዴት ዝም ትዪዋለሽ? ታላቅ እህቱ አይደለሽም?»

እንደዚያ ይላታል ብዬ አልጠበቅኩም። ስሜን አላነሣም። ላሟንም አላነሣም። ዝም ብል ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር፤ እናቴ ለጥቂት ጊዜ በልጇ ስንፍና ታማርርና ትተወው ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ከአጠገቧ ተቀመጥኩና ከአርብ ጀምሮ ያለውን በሙሉ ነገርኳት። ጨጓራ ነው በያቸው እንዳለኝ፣ እምቢ እንዳልኩት፣ ከዚያ በገዛ አፉ እንደተረጎመው፣ ሽማግሌው ያሉትንም ነገርኳት።

እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ሰማችኝ። ስጨርስ የምትነቅፈው እኔን ይሁን እሱን እየመረጠች መስሎኝ ነበር።

«ላሟስ?» አለች።

«ድናለች።»

ተነሥታ መነጽሯን ፈለገች። ስልኳን ከመስኮቱ ላይ አንሥታ የሰይድን ስም በጣቷ እየተከተለች እስክታገኘው ጊዜ ወሰደባት። ልደውልልሽ ብላት እምቢ አለችኝ። ሲያነሣ «ሰይዴ» አለችው፣ «ስለ ላሚቱ ነገረችኝ።» ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ «እውነቱን ተናግረሃል፤ አሁን ምን በላህ?» አለችው።